ሰባት ቤት ቆጣሪው ጋሽ ደምሴ

የእድራችን ለፋፊ በድምፅ ማጉያ "አቶ ደምሴ አርፈዋል፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት" እያለ በሱቄ በር ሲያልፍ፣ እኔ የሟቹን ጫማ ጉልበቴ መሃል ይዤ ታኮውን እየመታሁ ነበር። ጫማውን እንደያዝኩ ወጥቼ አስቆምኩት።

"አንተ፣ ተሳስተሃል" አልኩት።

"ምኑን?"

"ጋሽ ደምሴ አልሞቱም። ጫማቸው ይኸው። ትናንት ሰጥተውኝ ዛሬ ሶስት ሰዓት ላይ እወስዳለሁ ብለዋል። እሳቸው ቀጠሮ አፍርሰው አያውቁም።"

ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ "ዘውዱ፣ የዛሬን እንኳ ቀልድህን ተው" አለኝና አለፈ። በሕይወቴ ሳልቀልድ የተናገርኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ እሱንም ሰው አላመነኝም።

እኔ ጎፋ ላይ ጫማ ሰፊ ነኝ። ከጎፋ እስከ ነፋስ ስልክ "ጎበዝ ጫማ ሰፊ የት አለ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ወደኔ ነው የሚጠቁሟችሁ። ካልጠቆሟችሁ የጠየቃችሁት ሰው ራሱ ጫማ ሰፊ ነው ማለት ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ንባቤ ግን አልቆመም። ጫማ የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ሳላነብ አልጠቀልልም። ደንበኛ "ቶሎ በል እንጂ" ሲለኝ "ቆይ አንድ አንቀፅ ቀረኝ" እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ያልደረስኩበት እውቀት የለም። ግን ዛሬ የማወራው ስለራሴ አይደለም። ከባድ ነው፤ እሞክራለሁ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በክረምትም በበጋም ያው ቡናማ ኮትና ከረባት። በየቀኑ ሶስት ሰዓት ሲል ሱቄ ይመጣሉ፣ በርጩማዋን በመሀረብ ይጠርጋሉ፣ ይቀመጡና "እህ ዘውዱ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ከማን ሊጋባ ነው?" ይሉኛል።

ምክንያቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ የያዙት ስራ ቤት መቁጠር ነው። የዛሬውን አይነት የዘር ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የድሮውን ነው የምላችሁ። ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ሳያውቁት ዘመድ እንዳይሆኑ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? አሁን ወጣቱ የአያቱን ስም የሚያውቀው መታወቂያው ላይ ስለተጻፈ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ልጁን ሊድር ሲል ወደ ጋሽ ደምሴ ይመጣል። ግራ እጃቸውን ይዘረጉና በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ይቆጥራሉ። ትንሿ ጣት ላይ ሶስት፣ ቀለበት ጣት ላይ ሶስት፣ መሃል ጣት ላይ አንድ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ጧ! አድርገው "ተሻገረ!" ይላሉ፤ ከቀይ መብራት እንዳመለጠ ሹፌር።

አንድ ቀን ሁለት እጮኛሞች የሰርግ ጫማ ሊያሰሩ መጡ። እኔ ተንበርክኬ እግር እየለካሁ ነው። ጋሽ ደምሴ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው "የኔ ልጅ፣ የእናትሽ አባት ማን ይባላሉ?" አሏት። ነገረቻቸው። "ያንተስ?" ነገራቸው። አውራ ጣታቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። በዓይኔ "ተዉ ጋሽዬ፣ መጀመሪያ ልለካ" ብዬ ለመንኳቸው። ጣታቸው አምስተኛው አንጓ ላይ ቆመ።

"አምስት ቤት ናችሁ" አሉ።

ልጁ ሳቀ። ልጅቷ ግን እናቷ ጋ ደወለች፣ እናቷ አክስቷ ጋ ደወለች፣ በሳምንቱ ሰርጉ ቀረ።

"ስራ አስቀሩብኝ እኮ" ብላቸው፣

"አመስግነኝ" አሉኝ። "ያልተቆጠረ ዘመድ እንደ ጠባብ ጫማ ነው። ሲገዙት ያምራል፣ ሲሄዱበት ያደማል።"

እንዲህ ያለ ሰው ናቸው እንግዲህ። ታዲያ አንድ ልጃቸው ሰለሞን የመረጣት ልጅ ማን ሆነች? ጋሽ ደምሴ ሊቆጥሯት የማይችሏት። ህይወት ትባላለች፣ አስተማሪ ናት። ቤተሰቦቿ ከቡታጅራ መጥተው ብስራተ ገብርኤል የሚኖሩ ነጋዴዎች ናቸው። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ከመንዝ ውጪ የማንንም አያት አያውቁም።

ለሽምግልና ከሄድነው ሶስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ለምን እንደመረጡኝ አልጠየቅኩም፤ ከሶስታችን የኔ ጫማ እንደሚያብረቀርቅ ግን ማንም አይክደኝም። ጋሽ ደምሴ ስንወጣ "ዘራችን ተበጥሮ የተቆጠረ ነው፣ እስከ ሰባት ቤት እንከን የለበትም በሉልኝ" ብለው ላኩን። ያንን መልእክት በሞቀ ድምፅ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የህይወት አባት ፈገግ ብለው "መልካም። የኛንስ ማን በጠረው?" ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ። እኔ መልስ የጠፋኝ ያኔ ብቻ ነው፤ በሕይወቴ።

ጋሽ ደምሴ ሰርጉን ፈቀዱ፤ ልጃቸውን ይወዱታላ። ሰለሞን በስንት መከራ የተገኘ ልጅ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ሚስታቸው እትዬ አስካለ አራት ጊዜ አርግዘው አራቱም ወርዶባቸዋል። ያልሄዱበት ጠበል የለም። የጋሽ ደምሴ እህት እትዬ የሺ "ማህፀኗ ልጅ አይይዝም" እያሉ ፊት ለፊታቸው ይናገሩ ነበር አሉ። ጋሽ ደምሴም ራሳቸው "ከነሱ ወገን የወረደ ነገር ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እትዬ የሺ በወጣትነታቸው ትዳራቸው ፈርሶ ወንድማቸው ቤት የገቡ፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ትዳሩ ለምን እንደፈረሰ አይጠየቅም። የጠየቀ ሰው በምላሳቸው ተልጦ ይወጣል።

ህይወት ወለደች። ረድኤት። ዓይኗ ወደ ላይ ሰያፍ ብሎ፣ ገላዋ ልፍስፍስ ያለ፣ ስታያችሁ ምላሷን ብቅ የምታደርግ ሕፃን። ሀኪም ቤት "ዳውን ሲንድረም ይመስለናል፣ ደሟ ይታይ" ተባለ። ደሙም ተወሰደ፤ ውጤቱ ውጪ ተልኮ ስለሚመጣ ብዙ ሳምንት ጠብቁ ተባሉ።

እትዬ የሺ ግን አልጠበቁም። በረድኤት ክርስትና ቀን፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ "ይሄ በኛ ወገን ታይቶ አያውቅም። ካልተቆጠረው ወገን የመጣ ነው" አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። እህታቸውን ዝም የሚያሰኙት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አዩ፣ ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣

"ቆጥሬ ብሆን ኖሮ..." አሉ።

በቃ፣ ይችኑ ነው ያሉት። ህይወት ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። በማግስቱ ልጇን ይዛ ብስራተ ገብርኤል አባቷ ቤት ገባች። ሰለሞን ቢሄድ "አባትህ ቆጥሮ እስኪጨርስ አልመለስም" አለችው። ትዳሩ በአንዲት ባላለቀች አረፍተ ነገር ሊፈርስ ሆነ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ የአባቷንና የእናቷንም ደም አስመረመረች። ከዚያ ቤተሰቡን ጠራች። ህይወት አልመጣችም። ጋሽ ደምሴ "አንተ ጋዜጣ ታነባለህ" ብለው እኔን ይዘውኝ ሄዱ፤ እትዬ የሺ ሳይጠሩ መጡ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። "ዳውን ሲንድረም አብዛኛውን ጊዜ በአጋጣሚ የሚመጣ ነው፣ ከቤተሰብ አይወረስም" አለች። "የረድኤት ግን ከጥቂቶቹ ነው። አባቷ ሰለሞን ውስጥ አንዱ ክሮሞዞም፣ ዘር የሚያስተላልፈው ክር ማለቴ ነው፣ ቦታውን ለቆ ከሌላው ጋር ተያይዟል። እሱን ምንም አላደረገውም። የጎደለውም የተረፈውም የለም። ለልጁ ሲያስተላልፍ ግን ትርፍ ሊሄድ ይችላል። በእናቷ በኩል ምንም የለም።"

"ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ?" አሉ እትዬ የሺ።

"የማንም አይደለም እናቴ። መርጦ የሚሰጥ ሰው የለም።"

"ሰለሞንስ ከየት አመጣው?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አንዳንዴ እንዲሁ አዲስ ይፈጠራል። ብዙ ጊዜ ግን ከአባት ወይ ከእናት ይወረሳል። እናቱ አሉ?"

"ሞታለች" አሉ እትዬ የሺ፣ ማንም ሳይቀድማቸው። "ከሷ ነው! ከአስካለ ነው! አራት ፅንስ የጣለች እሷ አይደለች?"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። "አራት?" አለችና ጻፈች። "ይሄ ነገር ያለበት ሰው ፅንስ ሊወርድበት ይችላል። ሴትም ሆነች ወንድ።"

ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ። "ወንድም?"

"ወንድም። ከባልየው ቢሆንም ሚስትየዋ ሊወርድባት ይችላል።"

ከዚያ በኋላ ለሶስት ቀን ሱቄ መጥተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ማን ከማን እንደሚጋባ እንኳ አልጠየቁኝም። በአራተኛው ቀን፣

"ዘውዱ፣ አስረዳኝ" አሉ። "እንደ ሀኪም ሳይሆን እንደ ጫማ ሰፊ አስረዳኝ።"

እኔ ይህን ጊዜ ነው የምጠብቀው! የደንበኛውን ጫማ፣ የኔን ነጠላ ጫማ፣ የዝናብ ቦቲውን፣ የሌለኝን ከጎረቤት ተውሼ ሃያ ሶስት ጥንድ አሟላሁ፤ የሰው ክሮሞዞም ሃያ ሶስት ጥንድ ነዋ። ሶላቸው ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፍኩ። ከአስራ አራተኛው ጥንድ አንዱን ግራ፣ ከሃያ አንደኛው ጥንድ አንዱን ግራ አነሳሁና በወስፌና በሰም ክር አንድ ላይ ሰፋኋቸው። ቸኩዬ ስለነበር የሃያ አንደኛው የራሴ አዲስ ጫማ እንደሆነ ያየሁት ከሰፋሁ በኋላ ነው።

"ይቁጠሩ" አልኳቸው።

"አርባ አምስት።"

"የጠፋ ጫማ አለ?"

"የለም። ሁለቱን ሰፍተሃቸዋል።"

"አዎ። ይሄ ሰለሞን ነው። ሁሉም ነገር አለው፣ ይሄዳል፣ ይሰራል፣ ማንም አያውቅበትም። አሁን ልጅ ሲወልድ ከየጥንዱ አንድ አንድ ለልጁ ይሰጣል። እናትየውም እንደዚሁ ታዋጣለች። ከአስራ አራቱም ከሃያ አንዱም ያልተሰፉትን ቢሰጥ ልጁ እንደማንኛውም ልጅ ነው። የተሰፋውን ብቻ ቢሰጥ ልጁ እንደ አባቱ ነው። የተሰፋውንም ሰጥቶ የቀረውን ሃያ አንደኛ ቀኝ ቢጨምር ግን፣ የእናትየው ሲታከልበት ሃያ አንደኛው ሶስት ይሆናል። ረድኤት ማለት ይቺ ናት። አንድ ጫማ ተርፏት መጣች።"

"ከዚህ ሌላ ቢሆንስ?"

"ከዚህ ሌላ ከሆነ፣ አንዱ ቢጎድል ይበሉት፣ ያ ፅንስ... አይፀናም ጋሽዬ።"

ጫማዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው ትንሿ ጣት ላይ ሄደ። አንድ። ሁለት። ሶስት። ወደ ቀለበት ጣት ተሻገረ፤ አራት። እዚያ ላይ ቆመ።

"እነዚህን ቆጥሬያቸው አላውቅም" አሉ። "የስንቱን ሰው ሰባት ቤት ስቆጥር የራሴን አራት ዘልዬ።"

እኔ ደግሞ ክፉ ምክር መከርኳቸው። "ጋሽዬ፣ ዶክተሯ ምርመራው ግዴታ ነው አላለችም። ዝም ቢሉ ከእትዬ አስካለ ነው ተብሎ ይቀራል። እሳቸው እንደሆን አልፈዋል።"

ቀና ብለው ያዩኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"እሷማ አፍ የላትም" አሉ። "የሞተች ሴት አፏ ባሏ ነው። ተነስ።"

ሄድን። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ደም ሰጡ። ሲወጡ ኮታቸውን ረስተው ነበር፤ ሮጬ አመጣሁላቸው። "በቁልቁለት ፍሬን እምቢ ብሎኝ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም" አሉኝ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ከእሳቸው ነው። ዶክተሯን "አራቱም ከእኔ ነበሩ?" ብለው ጠየቋት። እሷም "ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም" አለቻቸው።

"ሊሆን ይችላል ለኔ ይበቃኛል" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄ መጡና የሰፋኋቸውን ሁለት ጫማዎች ስጠኝ አሉኝ። ሰጠኋቸው። በገመድ አስረው አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ሁለት ግራ ጫማ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ፣ ከከረባታቸው ላይ። አገር ቤት በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄድ የለ? ተበዳዩ ይቅር ካለ ድንጋዩን ያወርድለታል። ገባኝ። "ታክሲ እንያዝ" ብላቸው "ይቅርታ የሚለምን ሰው ተቀምጦ አይሄድም" አሉኝ።

ከጎፋ እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግር! መንገደኛ ሁሉ ያየናል። አንድ የታክሲ ረዳት "አባባ፣ አርባ ሶስት ቁጥር አለ?" ብሎ ጮኸ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ደምሴ "ተወው፣ ገና ብዙ እንሰማለን" አሉኝ።

በሩን የከፈቱት የህይወት አባት ናቸው። ግቡ ሲሉን ጋሽ ደምሴ አልገቡም፣ ደጁ ላይ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ህይወት ረድኤትን ታቅፋ ወጣች።

"ምንድን ነው ይሄ አባባ?"

"ድንጋዬ ነው" አሉ። "ከኔ ነው ልጄ። ካንቺ ምንም የለም። የተቆጠረው ነው እንከን ያለበት። በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ፣ በአባትሽ ፊት ይቅር በይኝ።"

እኔ ህይወት ጫማዎቹን በቶሎ ታወርድላቸዋለች ብዬ ነበር። አላወረደችም።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ከኔ ቢሆን ኖሮስ፣ ይመጡ ነበር?"

አባቷ "አንቺ!" አሏት። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ጋሽ ደምሴ ላባቸውን በመሀረባቸው ጠረጉ።

"አልመጣም ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ለዚህ ነው የከበደኝ።"

ህይወት ያን ጊዜ አለቀሰች። ረድኤትን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸውና "ሁለቱን ባንዴ መሸከም አይችሉም" ብላ ጫማዎቹን ከአንገታቸው አወረደች። ረድኤት ከረባታቸውን አፏ ውስጥ ከተተች። በዚያው ሳምንት ህይወት ቤቷ ተመለሰች።

ጋሽ ደምሴ ግን ጫማዎቹን መልሰው አምጥተው ሱቄ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀሏቸው። "የህይወት ድርሻ ወርዷል" አሉኝ። "የአስካለን ማን ያወርድልኛል?" መልስ አልነበረኝም። ይሄው ሁለተኛዬ። መልስ የጠፋኝ ያኔ ብቻ ነው ያልኳችሁን ሰርዙት።

ከዚያ በኋላ ቆጠራቸው ተለወጠ። ዶክተሯ "ነገሩ በወገንዎ ሌላ ሰውም ሊኖር ይችላል፤ አውቀው ሀኪም ቢያማክሩ ጥሩ ነው" ስላለቻቸው፣ በዚያች ቁልፍ ባላት ስልካቸው መንዝ፣ ደብረ ብርሃን፣ የት የት እየደወሉ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ እያሉ መንገር ያዙ። ከፊሉ ያመሰግናል። ከፊሉ "ጋሼ ጃጁ" ብሎ ይዘጋባቸዋል። እኔ ስናደድ "እኔ ፌርማታውን እጠራለሁ፣ መውረድ የነሱ ነው" ይሉኛል። አንድ ሰው ብቻ ነበር ጭራሽ አልሰማም ያለው፣ በአንድ ጣሪያ ስር እያለ። እትዬ የሺ። ወሬው ሲነሳ ተነስተው ይወጣሉ።

ረድኤትማ አደገች። ከበርጩማው አጠገብ የሷም ትንሽ በርጩማ ተሰራች፤ የሰራኋት እኔ ነኝ፣ አናጢ ብሆንም ይዋጣልኝ ነበር። ልጅቷ መልአክ ናት እያሉ የሚያወሩ አሉ፤ ሱቄ አልዋለችባቸውም። አንድ እግር ጫማ ደብቃ ደንበኛ በካልሲ የምታስወጣ ተንኮለኛ ናት። ቆጠራውን ግን ከአያቷ ተማረች። ሱቅ የገባውን ሁሉ ትቆጥራለች፤ ዘውዱ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ፖሊሱ፣ ደስ ሲላት ጧ! ለማድረግ ትሞክራለች። ጣቷ አይጮህላትም፣ በአፏ ነው የምትለው። "ጧ! ተሻገረ!" ጋሽ ደምሴ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

አንድ ቀን እሷን እያዩ "ዘውዱ" አሉኝ። "የኔ ዘመድ በሙሉ አንድ ቦታ የሚገናኘው እኔ ስሞት ነው። በስልክ የዘጋብኝም ይመጣል። ሳልስቴ ላይ ጫማህን ይዘህ ግባ።"

"ጋሽዬ፣ ለቅሶ ቤት በጫማ ትርኢት?"

"ቃል ግባ።"

ገባሁ። ምን ላድርግ?

ለፋፊው አልተሳሳተም ነበር። እናም በሳልስቱ፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እኔ አርባ አምስት ጫማ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ገባሁ። አንድ ከአገር ቤት የመጡ ሽማግሌ "ለቅሶ ቤቱ ገበያ ሆነ እንዴ?" አሉ። ጫማ የምታቀብለኝ ረድኤት ዞር ብላ "ዝም በል!" አለቻቸው። ዝም አሉ። ህይወት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

አስረዳሁ። እንዳስረዳሁት ማንም ሀኪም አያስረዳም፣ ይሄ ጉራ አይደለም። ሰው አንገቱን አስግጎ ሰማኝ። "ፅንሱ አይፀናም" የሚለው ላይ ስደርስ፣ "ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ጋሽ ደምሴም ከወላጆቻቸው ወርሰውት ይሆናል። ስለዚህ ወንድም እህት ካላቸው..." ብዬ ቀጥ አልኩ። ጋሽ ደምሴ አንድ እህት ብቻ ነው ያላቸው። ድንኳኑ በሙሉ ወደ ጥግ ዞረ።

እትዬ የሺ ዓይናቸውን ከተሰፉት ጫማዎች ላይ አልነቀሉም።

"ሶስት" አሉ።

"ምኑ እትዬ?"

"የኔ ሶስት ነበሩ። በሶስተኛው ባሌ ሻንጣዬን ደጅ አወጣልኝ። 'የተረገምሽ' አለኝ። እኔም አመንኩት።" ቀጥለውም፣ "አስካለንም እንደዚያው አልኳት" አሉ።

ህይወት ተነስታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጉልበቷንም ከጉልበታቸው አስጠጋች። በሳምንቱ ሁለቱ አብረው ዶክተሯ ጋ ሄዱ። የደሙ ውጤት እስካሁን አልመጣም።

ጋሽ ደምሴ የተቀበሩት እትዬ አስካለ አጠገብ ነው። በአርባቸው ቀን ጠዋት እትዬ የሺ ሱቄ መጡ። በርጩማዋን አዩ፣ አልተቀመጡባትም። ሚስማሩን አዩ።

"ስጠኝ" አሉ። "የእሱም የኔም ድርሻ ነው።"

ገመዱን አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ታክሲ እንያዝ አላልኩም፤ ተምሬያለሁ። ቤተክርስቲያን ደረስን፣ ቤተሰቡ ቆሟል፣ እትዬ የሺ እትዬ አስካለ መቃብር ላይ ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ድንጋይ የሚያወርደው ተበዳዩ ነው፤ ተበዳይዋ ከመሬት በታች ናት። ሰለሞን አየኝ፣ እኔ ህይወትን አየኋት። ማንም አልደፈረም።

ያን ጊዜ ረድኤት መጣች። ሳትጠራ። አንዴ ጫማዎቹን አየች፣ አንዴ እትዬ የሺን።

"ከባድ ነው" አለችና ገመዱን በጭንቅላታቸው ላይ ጎትታ አወጣችው። ነጠላቸውንም አብራ ገፈፈችው፣ ስራዋ ሁሌም እንዲያ ነው።

አንዱ ሽማግሌ "ሕፃን ምን ስልጣን አላት?" ብለው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። እኔ ግራ እጄን ዘረጋሁ። አውራ ጣቴን ትንሿ ጣት ላይ አደረግኩና ጮክ ብዬ ቆጠርኩላቸው። አስካለ ሰለሞንን ወለደች፣ አንድ። ሰለሞን ረድኤትን ወለደ፣ ሁለት። ሁለት ቤት ናት። ከሰለሞን በቀር ከሷ የቀረበ የአስካለ ወገን ካለ ያምጡልኝ።

የሚያመጡት ሰው አልነበረም። ረድኤት ጫማዎቹን በራሷ አንገት ላይ አጥልቃ፣ የእትዬ የሺን እጅ ይዛ ወደ በሩ እየጎተተቻቸው ነበር።

"ጧ!" አለች በአፏ። "ተሻገረ!"